የማይዝገው ብረት የሚሸነፍበት ድንበር

ከኒው ዮርክ ከተማ በስተ ሰሜን፣ ከሃድሰን ወንዝ ዳር የተተከለው የኢንዲያን ፖይንት ቁጥር 2 ሪአክተር እ.ኤ.አ. በ2016 የጸደይ ወራት ነዳጅ ለመለወጥ ሥራ አቁሞ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንዲህ ባለው ጊዜ ነዳጁ ተነሥቶ ወደ ማቆያ ገንዳ ይዛወራል፤ የሪአክተሩ ሆድ ግን በውሃ እንደተሞላ ይቆያል። ለዓመታት ጨረር የጠጣው ብረት ራሱ ጨረር የሚተፋ ሆኗልና ሰው አጠገቡ አይደርስም፤ ጋሻው ውሃው ነው። ስለዚህ ፍተሻው የሚካሄደው ከላይ ተሆኖ፣ ከረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ በታሰረ ካሜራና በአልትራሳውንድ መሣሪያ ነው። መሣሪያው የቡሎኑን ራስ ነክቶ ድምፅ ይልካል። ድምፁ እስከ ቡሎኑ ጫፍ ደርሶ ከተመለሰ ቡሎኑ ጤነኛ ነው፤ ከመንገድ ከተመለሰ ውስጡ ተሰንጥቋል። ነፍሰ ጡር ሴት በክሊኒክ ከምትታይበት መሣሪያ በአሠራር ብዙም አይለይም። አንዱ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው። ቡሎኖቹ 832 ነበሩ። ቆጠራው ሲጠናቀቅ 227ቱ የተጎዱ ወይም የማያስተማምኑ ሆነው ተገኙ፤ ከአራት አንድ በላይ ማለት ነው። አንዳንዶቹን ለማወቅ አልትራሳውንድም አላስፈለገም፤ ራሳቸው ተነቅሎ በካሜራ ይታይ ነበር።

እነዚህ ቡሎኖች የአውራ ጣት ያህል ርዝመት ያላቸው ናቸው። ሥራቸው ነዳጁን እንደ አጥር ዙሪያውን የከበቡትን የብረት ሳህኖች ጠፍንጎ መያዝ ነው። ከነዳጁ ጋር ጎረቤት ስለሆኑ በሪአክተሩ ውስጥ ካሉ መዋቅሮች ሁሉ ከፍተኛውን ጨረር ከሚቀበሉት ወገን ናቸው። የተሠሩትም ከተራ ብረት አይደለም፤ 347 ተብሎ ከሚታወቀው፣ ኒዮቢየም ከተጨመረበት የማይዝግ ብረት ነው። ኒዮቢየሙ የገባው ደግሞ ለአንድ የታወቀ በሽታ መድኃኒት እንዲሆን ታስቦ ነበር። መድኃኒቱን የወሰደው ብረት መሰንጠቁ ነው ነገሩን ቁም ነገር የሚያደርገው። በእኔ እምነት፣ ይህ ስንጥቅ ስለ ማይዝግ ብረት ለዘመናት ስንናገረው የኖርነው ቀላል ታሪክ፣ ማለትም «ክሮሚየም ካለ አይዝግም፣ ክሮሚየም ከጎደለ ይዝጋል» የሚለው፣ ግማሹን እውነት ብቻ እንደሚይዝ ያሳያል። ግማሽ እውነት ደግሞ በምህንድስና ውስጥ ከስህተት ይልቅ ያዘናጋል፤ ብዙ ጊዜ ይሠራልና።

ቀላሉ ታሪክ የሚጀምረው ከእንግሊዟ የሼፊልድ ከተማ ነው። ሃሪ ብሪርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 የጠመንጃ አፈሙዝ ቶሎ እንዳይበላ የሚያደርግ ብረት ሲፈልግ፣ 12.8 በመቶ ያህል ክሮሚየም የያዘ ብረት አቀለጠ፤ አሲድም ዝናብም ያልደፈረው ሆነ። ምስጢሩ ክሮሚየሙ ከአየርና ከውሃ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ብረቱን ጥቂት ናኖ ሜትር በምትወፍር ቆዳ መሸፈኑ ነው። ጥቂት ናኖ ሜትር ማለት የሰው ፀጉር ውፍረት ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ ሲከፋፈል የሚገኝ ነው። ቆዳዋ ብትፋቅ ወዲያው ትተካለች። የማይዝግ ብረት አይዝግም ስንል፣ እንዲያውም ቶሎና በደንብ ዝጎ አበቃ ማለታችን ነው፤ የዛገው ንጣፍ ጥብቅ ስለሆነ ሌላውን ዝገት አያሳልፍም። ስለዚህ አለመዛግ የብረቱ ተፈጥሮ ሳይሆን በየቅጽበቱ የሚታደስ ሁኔታ ነው። ማደሻው ክሮሚየም ነው፤ ከ11 ወይም 12 በመቶ በታች ሲወርድ ቆዳዋ እየሳሳች ትሄዳለች።

ችግሩ «12 በመቶ» ሲባል የት ቦታ ላይ እንደሆነ አለመጠየቁ ነው። የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ እንደ በረዶ ከብዙ ነጥብ ተነሥቶ ይረጋል። ከየነጥቡ የሚያድገው ክሪስታል የራሱን አቅጣጫ ይዞ ይሰፋና ጎረቤቱን ሲያገኝ ይቆማል። ዕለት በዕለት የምንጠቀምበት ድስትም ሆነ የሪአክተሩ ቡሎን በእንዲህ ዓይነት፣ አብዛኛውን ጊዜ በአሥሮች ማይክሮ ሜትር በሚለኩ ቅንጣቶች የተገጣጠመ ነው። ሁለት ቅንጣቶች የሚገናኙበት መስመር የቅንጣት ድንበር ይባላል። ድንበሩ ላይ ያሉት አቶሞች የዚህኛውን ሥርዓትም የዚያኛውንም በሙሉ መከተል አይችሉም፤ ስለዚህ ልቅ ናቸው፣ እንግዳ ይቀበላሉ፣ ቶሎ ይንቀሳቀሳሉ። እርሻ ላይ ጠብ የሚነሣው ከማሳው መሀል ሳይሆን ከድንበሩ እንደሆነ ሁሉ ብረትም ላይ ነገር የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ይህን ለማየት ሪአክተር ድረስ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ ባለው የብረታ ብረት ሥራ ቤት፣ ለደረጃ መደገፊያ የሚሆን የስቴይንለስ ቱቦ ሲበየድ መመልከት ይበቃል። ችቦው ካለፈ በኋላ ከብየዳው ግራና ቀኝ ቢጫ፣ ቡናማ፣ ሰማያዊ ቀለበት ይቀራል። በያጁ በፍሌክስ ሞርዶ ያሳምረዋል፤ ደንበኛውም ይከፍላል። ወራት አልፎ ዝናብ ሲፈራረቅበት ግን ዝገት ከታየ ብዙ ጊዜ የሚታየው ብየዳው ላይ ሳይሆን ከብየዳው ጥቂት ራቅ ብሎ ነው። ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ አይደለም፤ ቀለበቱ በደንብ ያልተነሣለት፣ ወይም ጥቁር ብረት በተሞረደበት ዲስክ የተሞረደ ቱቦም ይዝጋል። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ይህ ነው፦ ብረቱ ከ450 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ፣ በውስጡ ያለው ጥቂት ካርቦን ወደ ቅንጣት ድንበሮቹ ሄዶ ክሮሚየምን ይይዛል፣ ክሮሚየም ካርባይድም ይሆናል። አንድ የካርባይድ ቅንብር ለ6 የካርቦን አቶም 23 የብረት አቶሞችን፣ በአብዛኛው ክሮሚየምን፣ ይውጣል። ስግብግብ ነው። ያን ሁሉ ክሮሚየም የሚያመጣው ከአጠገቡ ስለሆነ በድንበሩ ግራና ቀኝ የተራቆተ ጭረት ይቀራል። ብረቱ በጠቅላላ 18 በመቶ ክሮሚየም አለው፤ ጭረቱ ግን ከ12 በታች ነው። ምርመራ የሚያደርግለት ሰው ብረቱን ፈጭቶ ቢመዝን ጉድለቱን አያገኘውም።

የሪአክተር መሐንዲሶች ከዚህ ጉዳይ ጋር የተዋወቁት በክፉ ቀን ነው። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የሚገኘው የድሬስደን ቁጥር 1 ሪአክተር ውሃን በውስጡ የሚያፈላ ዓይነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 በቧንቧዎቹ ላይ፣ ከብየዳ አጠገብ፣ ድንበር ለድንበር የሚሄድ ስንጥቅ ተገኘ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተመሳሳይ ስንጥቅ በሌሎች ብዙ ሪአክተሮች ላይ ታየ፤ ወፋፍራም ቧንቧዎችም ተቆርጠው ተለወጡ። መልሱ ግን ተገኘ፣ ጥሩ መልስም ነበር። ካርቦኑን ከ0.03 በመቶ በታች ማውረድ አንዱ ነው፤ ገበያ ላይ 304ኤል እና 316ኤል የሚባሉት ከዚህ የተነሣ ናቸው። ከክሮሚየም ይበልጥ ካርቦንን የሚወድ ማዕድን መጨመር ሌላው ነው፤ 347 ላይ ኒዮቢየም፣ 321 ላይ ደግሞ ታይታኒየም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 የአቶም ኃይልን ለሰላም ለመጠቀም የትብብር ስምምነት የተፈራረመቻት ሩሲያ በሪአክተሮቿ ውስጥ የምትጠቀምበት ዋነኛ የማይዝግ ብረትም ታይታኒየም የተጨመረበት ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ እንደሚመስለው ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ከውሃው ኦክስጅንን ማስወገድ ሦስተኛው መድኃኒት ሲሆን ወደ እርሱ እመለሳለሁ። እንዲህ ያለ ድል ሲገኝ አብሮ የሚመጣ ልማድ አለ፦ ድንበር ላይ ስንጥቅ ሲታይ ክሮሚየም ጎደለ ብሎ መደምደም።

አሁን ጨረሩን እናምጣ። ከነዳጁ የሚወጣ ፈጣን ኒውትሮን ወደ ብረቱ ሲገባ አንድ አቶም ይገጫል። የተገጨው ሌሎችን ይገጫል፤ እንደ ቢሊያርድ ኳስ በአንድ ምት በመቶዎች የሚቆጠሩ አቶሞች ከስፍራቸው ይፈናቀላሉ። አብዛኞቹ ከሴኮንድ ቢሊዮንኛ እጅግ ባነሰ ጊዜ ወደ አንድ ክፍት ቦታ ይመለሳሉ። የቀሩት ሁለት ዓይነት ስደተኛ ይተዋሉ፦ ቦታ የሌለው አቶምና አቶም የሌለው ቦታ። የጉዳቱ መለኪያ «እያንዳንዱ አቶም በአማካይ ስንት ጊዜ ተፈናቀለ» የሚል ነው። የቡሎኖቹ መለኪያ በሪአክተሩ ዕድሜ ውስጥ በአሥሮች ይቆጠራል፤ ማለትም በቡሎኑ ውስጥ ያለ አቶም ሁሉ በአማካይ አሥሮች ጊዜ ከቤቱ ተባሯል። ብረቱ አሁንም ቡሎን መምሰሉ የሚገርም ነው።

ባዶ ቦታዎቹ ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ወደ ቅንጣት ድንበሩ ይፈስሳሉ፣ እዚያም ይጠፋሉ። እዚህ ላይ አንድ አዳራሽ እናስብ። ሰው ሁሉ ተቀምጧል፤ መሀል ላይ አንድ ወንበር ባዶ ሆነ። አጠገቡ ያለው ሰው ተነሥቶ ተቀመጠበት፤ የእሱ ወንበር ባዶ ሆነ፤ ቀጣዩም እንዲሁ አደረገ። ባዶው ወንበር ወደ በሩ ሲጓዝ ሰዎቹ ከበሩ እየራቁ ይሄዳሉ። ይህ ሺህ ጊዜ ቢደጋገም በሩ አጠገብ የሚቀረው ማነው? ቶሎ የማይነሣው ነው። በማይዝግ ብረት ውስጥ ፈጣኑ ክሮሚየም፣ ብረት ራሱ መካከለኛ፣ ዘገምተኛው ኒኬል ነው። ስለዚህ ጨረር የበዛበት ብረት ድንበር ላይ ክሮሚየም ይቀንሳል፣ ኒኬል ይከማቻል። ሲሊኮንም ይከማቻል፤ በሌላ መንገድ ግን፣ ቦታ ካጡት አቶሞች ጋር ተጣብቆ እየተጎተተ። ካርቦን በዚህ ውስጥ እጁ የለበትም፤ ካርባይድም አልተሠራም። ሙቀቱም 300 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያለ ጨረር በዚያ ሙቀት ክሮሚየም በሰው ዕድሜ ይህን ያህል አይንቀሳቀስም ነበር።

ይህን በዓይን ማየት የተቻለው አንድን ናሙና ከ100 ናኖ ሜትር በታች አሳስቶ ኤሌክትሮን በሚያሳልፍ ማይክሮስኮፕ ሥር በማስቀመጥ ነው። ጨረሯ እጅግ የቀጠነች የኤሌክትሮን ዘንግ ድንበሩን ነጥብ በነጥብ እያቋረጠች ስትሄድ የክሮሚየሙ መስመር ከ18 በመቶ ተነሥቶ ድንገት እንደ ገደል ይወርዳል፣ ወደ 13 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች፤ ከዚያ ተመልሶ ይወጣል። ገደሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ናኖ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ብየዳ ከሚያደርሰው የተራቆተ ጭረት በብዙ እጥፍ የጠበበ፣ ግን ቅርጹ ወንድሙ። ስለዚህ ሰዎች «ያው በሽታ ነው፣ በሌላ መንገድ የመጣ» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ድንበሩ ክሮሚየም አጥቷል፤ ድንበሩም ተሰንጥቋል። ክሱ የተሟላ ይመስላል።

ነገር ግን ምስክሮቹን አንድ በአንድ እንስማ። የመጀመሪያው ከጃፓን ነው። ቶኪዮ ኤሌክትሪክ ፓወር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 በሪአክተሮቹ ውስጥ የታዩ ስንጥቆችን መዝገብ ሲያጭበረብር መቆየቱ ተጋለጠ፤ በቀጣዩ ዓመት 17ቱም ሪአክተሮቹ ለፍተሻ ቆመው ነበር። ቅሌቱን ለጊዜው እንተወውና ስንጥቁን እንመልከት። ነዳጁን ከከበበው በርሜል መሰል መዋቅር ላይ ስንጥቅ ከተገኘባቸው መካከል ካርቦናቸው ዝቅ ያለ፣ 316ኤል የሆኑ ነበሩባቸው። የብየዳው በሽታ እንዳይዛቸው ተብለው የተመረጡ ማለት ነው። ብዙዎቹ ስንጥቆች የተነሡት ሲሞረድና ሲቆረጥ ከደነደነ የላይኛው ገጽ ነው። ሁለተኛው ምስክር ያ የኢንዲያን ፖይንት ቡሎን ነው፤ ኒዮቢየም እያለው ተሰነጠቀ። ከእሱ በፊት፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንሳይ ሪአክተሮች ውስጥ የተገኙት የተሰነጠቁ ቡሎኖች ደግሞ ከ316 የተሠሩ ነበሩ። ሦስተኛው ምስክር ውሃው ራሱ ነው። የፈረንሳዮቹና የኢንዲያን ፖይንት ሪአክተሮች ውሃቸው በ155 ባር ግፊት ታምቆ የማይፈላ፣ ሃይድሮጅን የሚሟሟበት፣ ኦክስጅን ከሞላ ጎደል የሌለበት ነበር። በድሬስደን ዓይነት ሪአክተሮች የክሮሚየም ጉድለት ያን ያህል የከፋው ውሃው በኦክስጅን የበለጸገ ስለነበረ ነው። ኦክስጅን በሌለበትም ስንጥቁ ከመጣ፣ የድሮው ክስ አንድ ምሰሶ ይወድቃል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳምነኝ ግን ከላቦራቶሪ የመጣ ነው። ጄረሚ በዝቢ፣ ጋሪ ዋስና ኤድዋርድ ኬኒክ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት ጥያቄውን በብልሃት ነጠለው። ጨረር የደረሰበት ብረት ድንበሩም ይለወጣል፣ ውስጡም ይደነድናል። ሁለቱ አብረው ስለሚመጡ ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ አይታወቅም፤ እንደ መንታ ተጠርጣሪ ናቸው። ተመራማሪዎቹ የ304 ብረት ናሙናዎችን በፕሮቶን ደበደቡ፣ ከዚያ ከ400 እስከ 650 ዲግሪ ባለው ሙቀት ለ45 እስከ 90 ደቂቃ መልሰው አሞቁ። ሙቀቱ የውስጡን ጉዳት ቶሎ ይፈውሳል፤ የድንበሩን ክሮሚየም ግን ወደ ቦታው ለመመለስ አይበቃም። በ600 ዲግሪ 90 ደቂቃ የቆየው ናሙና የውስጥ ጉዳቱ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ የድንበሩ ገደል ግን እንዳለ ነበር። ናሙናዎቹ በሙቅ ውሃ ውስጥ ሲጎተቱስ? የመሰንጠቅ ዝንባሌው ፈጥኖ ጠፋ። ክሮሚየሙ እንደጎደለ ነው፤ ስንጥቁ ግን የለም። የሚገርመው ደግሞ ቀጣዩ ነው፦ የመሰንጠቅ ዝንባሌው የጠፋው በማይክሮስኮፕ ከሚታየው የውስጥ ጉዳትም፣ ከድንዳኔውም ቀድሞ ነበር። ስለዚህ «እንግዲያውስ ድንዳኔው ነው» ብሎ ተከሳሹን መለወጥም አልተቻለም። ሁለቱም ብቻቸውን አይበቁም።

ታዲያ ምን አለ? የብረት አወላገድ አለ። ጤነኛ የማይዝግ ብረት ሲሳብ ቅንጣቶቹ በየቦታው ጥቂት ጥቂት እየተንሸራተቱ ጭነቱን ይካፈላሉ፤ ጭነት በደቦ ይነሣል። ጨረር የደረሰበት ግን በጥቃቅን ጉዳት ተሞልቶ የመሸነፊያ ጉልበቱ በሦስትና በአራት እጥፍ ይጨምራል። ሲሸነፍም በአንድ መስመር ይሸነፋል፦ አንድ መንሸራተቻ ጉዳቶቹን እየጠረገ ካለፈ በኋላ ተከታዮቹ ሁሉ በዚያው በተጠረገ ቦይ ይሄዳሉ። መላው ቅንጣት ሊካፈለው ይገባ የነበረው እንቅስቃሴ በጥቂት ጠባብ ቦዮች ይፈስሳል። ቦዩ ደግሞ የሚያበቃው ድንበሩ ጋ ነው። ዝናብ በአንድ ጎርፍ መሄጃ ሲጠራቀም የሚደርስበትን ያፈርሳል፤ እዚህም የሚፈርሰው ድንበሩን የሸፈነችው የኦክሳይድ ቆዳ ናት። ዋስና ባልደረባው ጂያኦ እ.ኤ.አ. በ2011 ልዩ ልዩ የብረት ዓይነቶችን አነጻጽረው ከስንጥቁ ጋር አብሮ የሚሄደው የትኛው ነው ብለው ሲመዝኑ፣ ከድንበር ክሮሚየምም ከድንዳኔም ይልቅ ይህ በቦይ የተከማቸ አወላገድ ሚዛን ደፋ።

ከዚህ ተነሥቼ የማስበው እንዲህ ነው። ድንበሩ ላይ ሁለት ነገር ይከናወናል፦ ቁስል መክፈትና ቁስል ማዳን። የሚከፍተው ኃይል ነው፤ ጨረር ይህን ኃይል ከመበተን ይልቅ በጠባብ ቦይ ያከማቸዋል። የሚያድነው ክሮሚየም ነው፤ ጨረር እሱንም ከድንበሩ ያሸሻል። የቁስሉን ጠባይ የሚወስነው ደግሞ ውሃው ነው፤ ጨረር ውሃውንም ሰንጥቆ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያደርገዋል። ክሮሚየም የጎደለበት ድንበር ካልተከፈተ አይጎዳም፤ የበዝቢ ናሙናዎች የነገሩን ይህንኑ ይመስለኛል። «የድንበሩ ኬሚስትሪ ነው ወይስ ጉልበቱ» የሚለው የረጅም ዘመን ክርክር፣ ቤቱ የተቃጠለው በክብሪቱ ነው ወይስ በሣሩ ብሎ እንደመሟገት ነው።

ክሮሚየምን ይህን ያህል ዝቅ ማድረግ አይገባም የሚል ሰው ጥሩ መከራከሪያ አለው። ውሃ በሚፈላባቸው ሪአክተሮች፣ ኦክስጅን ባለበት፣ የድንበሩ ክሮሚየም ሲወርድ ስንጥቁ እየፈጠነ እንደሚሄድ ብዙ መረጃ አለ። ጨረር ሳይደርስበት፣ በሙቀት ብቻ የተራቆተ ድንበርም በዚያ ውሃ ውስጥ ይሰነጠቃል፤ ድሬስደን ምስክር ነው። ይህን አልክድም። ነገር ግን መረጃው ራሱ ገደብ ያበጃል። በእነዚያ ሪአክተሮች ውሃ ውስጥ ሃይድሮጅን ሲጨመር የኦክስጅኑ ኃይል ይዳከማል፣ ስንጥቁም ይዘገያል፤ ይህ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተሠራበት መድኃኒት ነው። ጨረሩ እየበዛ በሄደ ቁጥር ግን የመድኃኒቱ ጥቅም ይቀንሳል። ክሮሚየምና ኦክስጅን ብቻ ቢሆኑ ኖሮ አንዱ ሲነሣ ነገሩ መብረድ ነበረበት። መጀመሪያ ላይ የሚገዛው ኬሚስትሪው፣ ጨረሩ ሲበዛ የሚገዛው የብረቱ አወላገድ ነው ብል ከመረጃው የራቅሁ አይመስለኝም። ስንጥቅ የሚጀምርበት የጨረር መጠን በማይፈላው ውሃ ከሚፈላው በብዙ እጥፍ ከፍ ያለ መሆኑም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ውሃው ገር ሲሆን ብረቱ የበለጠ መጎዳት አለበት።

ሌላው መከራከሪያ ፕሮቶን ኒውትሮን አይደለም የሚል ነው። እውነት ነው። ፕሮቶን ብረት ውስጥ ከአሥሮች ማይክሮ ሜትር አይዘልቅም፤ ሪአክተር በዓመታት የሚያደርሰውንም በቀናት ያደርሳል። ጥድፊያውን ለማካካስ ሙከራው ሞቅ ባለ ብረት ላይ ይደረጋል፤ በ2002ቱ ጥናት 360 ዲግሪ ነበር። ይሁንና የፕሮቶን ናሙናዎች የሚያሳዩት የክሮሚየም ገደልና የድንዳኔ መጠን ከሪአክተር ከወጡት ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል፤ በኒውትሮን የተጎዳ ብረትም ሲሞቅ የመሰንጠቅ ዝንባሌው ይቀንሳል። ቁጥሩን በቀጥታ ከፕሮቶን ወደ ሪአክተር ማሸጋገር አይቻልም። ምክንያቱን ለመለየት ግን ይበቃል።

እንዲያውም ሰዎች እንደ መልስ የሚጠቅሱት አንድ ሌላ ሙከራ ለእኔ ክርክር ይሠራል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ዌዩዌ ዡ፣ ማይክል ሾርትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተሙት ነው። 20 በመቶ ክሮሚየም የያዘ የኒኬል ቅይጥን በ650 ዲግሪ ከቀለጠ የፍሎራይድ ጨው ጋር አገናኝተው አንዱን ስፍራ ብቻ በፕሮቶን ደበደቡ። የቀለጠ ጨው እንደ ውሃ መከላከያ ቆዳ እንዲበጅ አይፈቅድም፤ ክሮሚየሙን እያሟሟ ድንበር ለድንበር ይሰርጋል። ሁሉም የጠበቀው ጨረር ያባብሰዋል ብሎ ነበር። የተገኘው ተቃራኒው ነው፦ የተደበደበው ስፍራ ካልተደበደበው ያነሰ ተበላ። ማብራሪያው ጨረሩ አቶሞቹን ከቅንጣቱ ውስጥ ስለሚያንቀሳቅሳቸው ድንበሩ ላይ የተከፈተውን ክፍተት ይሞሉታል የሚል ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ኒኬል እንጂ የማይዝግ ብረት አይደለም፤ ውሃም የለበትም፤ ስለዚህ «ጨረር ይፈውሳል» ብሎ ወደ ቡሎን መዝለል አይቻልም። ግን ጨረር ያው ጨረር፣ ድንበር ያው ድንበር ሆኖ ውጤቱ ሲገለበጥ፣ ጨረሩን ብቻ ወይም ድንበሩን ብቻ መጠየቅ የትም እንደማያደርስ ያሳያል።

«መንስኤው ምንም ይሁን፣ ቡሎኑን ለውጡና ሥራችሁን ቀጥሉ» የሚል የጥገና ሰው አለ፤ ንግግሩ ጤነኛ ነው፣ በኢንዲያን ፖይንትም ቡሎኖቹ ተለወጡ። ሆኖም በምን ይለወጡ የሚለው ከመንስኤው ይመነጫል። ክሮሚየም ብቻ ነው ያለ ሰው የተሻለ ቅይጥ ፍለጋ ይሄዳል። ኃይሉን የቆጠረ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያየው የቡሎኑን አንገት ነው። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ራሱ ከዘንጉ ጋር ከሚገናኝበት ማዕዘን ነው፤ ውጥረት የሚከማችበት እዚያ ነውና። በአዲሶቹ ቡሎኖች ላይ ማዕዘኑ ሰፋ ባለ ኩርባ ተተክቷል። ሁለተኛ የሚያየው የውሃውን አካሄድ ነው። በኢንዲያን ፖይንት ዓይነት ሪአክተር ከሳህኖቹ ጀርባ ያለው ውሃ ቁልቁል ስለሚፈስስ ግፊቱ ከነዳጁ ወገን ካለው ይበልጣል፤ ሳህኑን ወደ ነዳጁ ይገፋል፣ ቡሎኑም ይጎተታል። ውሃው ሽቅብ እንዲፈስ የተለወጠባቸው ሪአክተሮች ይህ ጭነት ይቃለልላቸዋል። የተሰበሩት ቡሎኖች ተበታትነው ሳይሆን ተሰባስበው መገኘታቸውም ያንኑ ይናገራል፤ አንዱ ሲበጠስ ሸክሙ ለጎረቤቱ ይተርፋል። ክሮሚየም ለጎረቤት አይተርፍም።

በስፔን አልሞናሲድ ዴ ዞሪታ የነበረው የሆሴ ካብሬራ ሪአክተር ከ1968 እስከ 2006 ሠርቶ ተዘጋ። ሲፈርስ፣ ነዳጁን ከከበቡት የ304 ብረት ሳህኖች የተወሰኑት ለቆሻሻ አልተጣሉም፤ በውሃ ሥር ተቆርጠው፣ ወፍራም ግድግዳ ባለው መያዣ ታሽገው፣ ስዊድን ውስጥ ስቱድስቪክ ወደሚባል ስፍራ ተጓዙ። የተቆረጡት አቶሞቻቸው እስከ 50 ጊዜ ያህል ከተፈናቀሉበት ክፍል ጭምር ነው። እዚያ ከአንድ ሜትር ገደማ ውፍረት ካለው መስታወት ጀርባ የቆመ ሠራተኛ ሁለት የብረት እጆችን እየዘወረ ከሳህኑ ጣት የሚያህል ናሙና ያወጣል፣ በሙቅ ውሃ የተሞላ ግፊት ቻይ ዕቃ ውስጥ ያስገባዋል፣ መዝጊያውንም ያጠብቃል። ከዚያ ማሽኑ ናሙናውን መጎተት ይጀምራል፤ እጅግ በዝግታ፣ ዓይን ላይ ምንም ለውጥ ሳይታይ፣ ለቀናት። ሲወጣ ማይክሮስኮፑ ሊቆጥረው የሚገባው ሁለት ነገር ነው፦ ድንበሩ ላይ ስንት ስንጥቅ እንዳለ፣ እና ከስንጥቆቹ ስንቱ ጋ ቦይ እንደደረሰ።